ቦራን የበላው ጉድጓድ

ፈንታሁን ከሁለት በሬዎቹ አንዱን፣ ቦራን፣ ለወርቅ ጉድጓድ የሰጠው በጥር ወር፣ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ በገባ በሳምንቱ ነው። ማንም አላስገደደውም። ሰክሮም አልነበረም። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በሬውን በገዛ እጁ ስቦ ወስዶ ገመዱን ለዘውገ አስጨበጠና እያፏጨ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ኋላ ላይ ከነገሩ ሁሉ አብልጦ ያንገሸገሸው ይኸው ማፏጨቱ ነው።

ጉድጓዱ ከጉና ተራራ ሥር፣ ከመንደሩ ከፍ ብሎ ካለው ፈፋ ዳር ነበር። የሚያስቆፍረው ዘውገ ከወደ ደብረ ታቦር የመጣ፣ ጥምጥሙ የነጣ፣ ጥፍሩ የጸዳ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ጋፋት ላይ ፈረንጆች ለንጉሡ መድፍ ሊሠሩ ወናፍ በሚያስነፉበት ዘመን እሱም አንድ ክረምት ከሰል ተሸክሟል። የተሸከመው ከሰል ብቻ ነው። እሱ ግን ከዚያ ክረምት ወዲህ የምድር ሆድ ይታየኛል ማለት ጀመረ። ከሰል የተሸከመ ሁሉ የምድር ሆድ የሚታየው ቢሆን ኖሮ የደብረ ታቦር አህያ ሁሉ ባለወርቅ በሆነ ነበር፤ ግን ይህን ያኔ ያለ ሰው የለም።

ውሉ ቀላል ነበር። አንድ በሬ ያገባ ሰው አንድ ድርሻ አለው። በሬው ይፋግ ገበያ ወርዶ ይሸጣል፤ በሽያጩ የቆፋሪ ቀለብና መሣሪያ ይገዛል፤ የወርቁ ሥር ሲገኝ የንጉሡ ተነሥቶ የቀረውን ባለድርሻዎቹ ይካፈሉታል። መጀመሪያ የገቡት ሰባት ሰዎች ናቸው። ከነሱ ትልቁ የመንደሩ ሽማግሌ አያ ሙላቴ ሦስት በሬ አስገብተዋል። አያ ሙላቴ ከገቡ ማን ይቀራል? ፈንታሁን ለሚስቱ ለየሺ ያላትም ይህንኑ ነው።

የሺ ብዙ አልተከራከረችም። ለዘር ጊዜ ከማን ጋር ልትቀናጅ ነው ብላ ብቻ ጠየቀችው። አንድ በሬ የቀረው ሰው፣ እንደሱ አንድ በሬ ያለው ጎረቤት ፈልጎ፣ ሁለቱን አጣምዶ ተራ በተራ ማረስ አለበት፤ የጎረቤቱ ማሳ ሲታረስ የራሱ እያየ ይጠብቃል። ፈንታሁን ግን እስከ ሰኔ አሥር በሬ ይኖረናል አላት። አሥር የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣለት ራሱም አያውቅም።

ዘውገ ከጉድጓዱ የወጣ ነው ያለውን ቢጫ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ በሰው ፊት ፈልጦ ለየባለድርሻው አንዳንድ ፍንካች ሰጠ። ፍንካቹ በቆዳ ተሰፍቶ እንደ ክታብ ከማተብ ጋር አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ የባለድርሻነት ምልክቱ እሱ ነው። ሁለት ሕግ አለው። ወርቁ እስኪወጣ ድረስ ቆዳው አይፈታም። ከቀጥቃጭ ፊት ደግሞ ፈጽሞ አይቀርብም፤ የቀጥቃጭ ዓይን ካረፈበት ወርቁ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፣ ያውም የአንዱ ብቻ ሳይሆን የሁሉም።

ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። በዚያ አገር ማረሻውንም ማጭዱንም የሚሠራው ቀጥቃጭ ነው፤ ግን ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ሲባል እየሰማ ያላደገ ልጅ የለም። ከቤቱ እህል አይቀመስም፤ በቅሉ ውኃ አይጠጣም፤ የሠራውን ዕቃ እንኳ ከእጁ አይቀበሉትም፣ እሱ መሬት ያስቀምጠዋል፣ እነሱ ከመሬት ያነሡታል። ስለዚህ የዘውገ ሕግ ለመንደሩ ሰው አዲስ ነገር አልነበረም። እንዲያውም ፈንታሁን ዘውገን አጥብቆ ያመነው በዚህች ሕግ ምክንያት ነው፤ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው አታላይ ሊሆን አይችልም ብሎ አሰበ። በድንጋይና በብረት ነገር ከአገሩ ሰው ሁሉ የተሻለ የሚያውቀው ተክሌ ከመንደሩ በታች ወናፉን እያናፋ ተቀምጦ ሳለ፣ ሰባት ጎልማሳ እሱ እንዳያይባቸው ደረታቸውን በጋቢ ሸፍነው በደጁ ያልፉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፈንታሁን በየሳምንቱ ወደ ጉድጓዱ ይወጣል። ሁለት ቆፋሪዎች ከሥር በአሮጌ ዶማ ይጭራሉ። በቦራ ዋጋ የተገዛ አዲስ መሣሪያ አንድም ቀን አላየም፤ አላየሁም ብሎም አልጠየቀም። ዘውገ ከተቆፈረው ጭቃ በጣቱ ጫፍ ያነሣና ያሸታል፤ ቀጥሎ ምላሱ ላይ ያደርገውና ዓይኑን ይጨፍናል። ባለድርሻዎቹ ትንፋሻቸውን ውጠው የሰውየውን ምላስ ያያሉ። በመጨረሻ ምራቁን ይውጥና ቀርቧል ይላል፤ ባለፈው ሳምንት መራራ ነበር፣ አሁን መጣፈጥ ጀምሯል ይላል። አንድ ቀን አያ ሙላቴም እንደሱ ቀመሱና አዎን፣ ትንሽ ይጣፍጣል አሉ። ከዚያ ሁሉም ቀመሰ። ፈንታሁንም ቀመሰ። ጭቃው ጭቃ ጭቃ ነው የሚለው፤ እሱ ግን ይጣፍጣል አለ።

ዐቢይ ጾም እንዲህ በጭቃ ቅምሻ አለፈ። ፋሲካ ሆነ። ለዳግማይ ትንሣኤ ዘውገ ትልቅ ድግስ ደገሰ፤ የወርቁ ሥር ሊደረስበት ክንድ ስለቀረ ለምስጋና በሬ ይታረዳል ተባለ። ከይፋግና ከጣራ ገዳም ወዲያ ያሉ ሰዎች ተጠርተዋል፤ ጉድጓዱን በዓይናቸው ሊያዩ፣ ልባቸው ከወደደም ሊገቡ። ጉድጓዱ ዳር ዳስ ተጥሎ ጠላው በጋን በጋን ተደርድሯል። ቀይ ሥጋ ከዳሱ ምሰሶ ተንጠልጥሏል።

ፈንታሁን በላ። ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮ ያደረቀው፣ በፋሲካም ሥጋ ያልጠገበ አንጀት ነውና እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ጅብ በላ። ከጎድኑ በላ፣ ከሻኛው በላ፣ ጣቱን ላሰ። አጠገቡ የተቀመጠው እንግዳ አለሙ የሚባል የይፋግ ገበሬ ነበርና፣ ሥጋ እያጎረሰ ዘውገ እንዴት ያለ ለጋስ ሰው እንደሆነ ነገረው። ይህ ሁሉ ድግስ ከራሱ ነው፣ ከማኅበሩ አንድ ነገር አልነካም አለው። አለሙም ራሱን እየነቀነቀ ሰማው። ፈንታሁን እስኪያገሳው ከበላ በኋላ ሽንቱን ሊሸና ከዳሱ ጀርባ ዞረ።

የታረደው በሬ ቆዳ እዚያ ድንጋይ ላይ ተጥሏል፤ ገና በችካል አልተወጠረም፣ ጠጉሩ ወደ ላይ ነው። ቀይ ቆዳ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ግንባሩ ቦራ የሆነ ቀይ በሬ ሞልቷል አለ በልቡ። ቀጥሎ ግን ግራ ጎኑን አየ። ሦስት የተኩስ ጠባሳ አለበት፤ ሁለቱ ቀጥ ያሉ፣ ሦስተኛው ጠማማ። የዛሬ ሦስት ዓመት ቦራ በታመመ ጊዜ ማጭድ አግሎ የተኮሰው ራሱ ፈንታሁን ነው። ሦስተኛው የጠመመው በሬው ተወራጭቶ እጁን ስላሳተው ነው።

ከቆዳው አጠገብ ተንበርክኮ ሥጋውንም ጠላውንም አወጣው። ካስታወከ በኋላም የስቡ ጣዕም ከምላሱ አልለቅ አለ። ይበልጥ ያስጠላው ደግሞ ጣዕሙ ጥሩ መሆኑ ነበር፤ በደንብ የተቀለበ በሬ ጣዕም፣ ራሱ የቀለበው በሬ ጣዕም።

ዘውገ የማስታወኩን ድምፅ ሰምቶ መጣ። ፈንታሁን አፉን ሳይጠርግ፣ በሬዬ ይፋግ ተሸጠ አላልከኝም ወይ ብሎ ጠየቀው። ዘውገ አልደነገጠም። ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ያዘው። ጥርሱ መሐል የሥጋ ክር ተሰክቶ ነበርና ፈንታሁን ሰውየው ሲናገር ሌላ ነገር ማየት አልቻለም።

«ወንድሜ ፈንታሁን፣ በሬው ካገባኸው ወዲያ የማኅበሩ እንጂ ያንተ ነው እንዴ? ማኅበሩ አረደው፣ ማኅበሩ በላው፣ አንተም ድርሻህን በላህ። እንግዶቹን አይተሃቸዋል? አምስቱ በዚህ ሳምንት በሬያቸውን ይነዳሉ። ሥጋ ባይበሉ ይገቡ ነበር? ቦራህ አንድ ሆኖ ሄዶ አምስት ሆኖ መጣልህ።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ፈንታሁን ለየሺም ለንስሐ አባቱም አልተናገረም። አምስቱን በሬ ቆጠራቸው። የገዛ ትውከቱ ላይ ተንበርክኮ ቆጠራቸውና ለአንድ አፍታ ልቡ ተጽናና። አፉን በጋቢው ጠርጎ ወደ ዳሱ ተመለሰና ከአለሙ አጠገብ ተቀመጠ። አለሙ ሥጋ እየቆረጠ ነበር። አንድ ቃል ቢነግረው ሰውየው በሬውን ይዞ እቤቱ ይቀር ነበር። አልነገረውም።

ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለው። በአራተኛው ቀን የደነዘ ማረሻውን ይዞ ወደ ተክሌ ወረደ፤ ምድር ሊለሰልስ ጊዜው ደርሷልና። ተክሌ ጠጉሩ የሸበተ፣ ክንዱን የእሳት ፍንጣሪ የጠባበሰው ሰው ነው። ፈንታሁን እንደ ልማዱ ከቀጥቃጩ መሥሪያ ዳስ ውጭ ቆሞ ማረሻውን መሬት ጣለለት። ተክሌ አነሣና ፍም ውስጥ ከተተው። የፈንታሁን ፊት መገርጣቱን አይቶ በቅል ውኃ ቀዳና ከእግሩ አጠገብ መሬት ላይ አኖረለት። ፈንታሁን ቅሉን አይቶ ፊቱን አዞረ። የገዛ በሬውን በበላበት አፉ የቀጥቃጭ ቅል ተጠየፈ።

ተክሌ ለምዶታልና ቅሉን መልሶ ወሰደ።

ማረሻው እየጋለ ሳለ ፈንታሁን እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ። አስቦበት አልነበረም። የስቡ ጣዕም እንደገና ምላሱ ላይ መጣበትና የተሰፋውን ቆዳ በጥሶ፣ ፍንካቹን አውጥቶ እሳቱ አጠገብ ወረወረው። ይህ ምንድን ነው አለ።

ተክሌ ወዲያው አላነሣውም። ንካው ይሉኛል ወይ ብሎ መጀመሪያ ጠየቀ፤ ሕጉን እሱም ሰምቶታል። ፈንታሁን ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ በጉጠት ይዞ ፍሙ ውስጥ ከተተውና ወናፉን ጥቂት ጊዜ አናፋ። ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ አለ፤ ጉሮሮ የሚያንቅ የድኝ ሽታ ዳሱን ሞላው። ፈንታሁን ባሩድ ሲቀመም አሽትቶ ያውቃል፤ ያው ሽታ ነው። ድንጋዩ ሲወጣ ጠቁሯል። ተክሌ መስፉ ላይ አድርጎ በመዶሻ አንድ ጊዜ መታው። ደቀቀ።

«ወርቅ እሳት ሲያገኘው ይቀልጣል እንጂ አይሸትም፤ ሲመቱት ይዘረጋል እንጂ አይደቅም» አለ ተክሌ። «ይኼ ድኝ ያለበት ድንጋይ ነው። ከጉና ሥር ያለ ፈፋ ሁሉ ሞልቶታል፤ ልጆቼ ይጫወቱበታል።»

ፈንታሁን ተናደደ። የተናደደው በዘውገ መሆን ሲገባው በተክሌ ነበር። ታዲያ ይህን እያወቅህ ለምን ዝም አልክ፣ ሰባት ሰው በደጅህ ሲያልፍ እያየህ አለው።

«ማን ጠየቀኝ ጌታው? ብነግራችሁስ ዓይኑ አርፎበት ነው አትሉም ነበር?»

ፈንታሁን የደቀቀውን ጥቁር ዱቄት በቅጠል ጠቅልሎ፣ የተሳለውን ማረሻ ከመሬት አንሥቶ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ ባለድርሻዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ዛፍ ሥር ሲሰበሰቡ ዱቄቱን መሐላቸው ዘረገፈው። አሁን ከነአዲሶቹ አሥራ ሁለት ሆነዋል። የቆዳውን ነገር፣ የሦስቱን ጠባሳ፣ የእሳቱን፣ የሽታውን፣ ሁሉንም ነገራቸው። ዘውገን ዘለው የሚይዙት መስሎት ነበር። አያ ሙላቴ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«የማን እሳት ነው ያጠቆረው?»

«የተክሌ።»

የሁሉም እጅ አንድ ላይ ወደ አንገቱ ሄደ፤ ክታባቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ከፈንታሁን አጠገብ የተቀመጠው ሰው በተቀመጠበት እየተንፏቀቀ ራቀው። ዘውገ ሬሳ እንደወጣበት ሰው አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። ማልቀሱ ነው እንግዲህ። ፈንታሁን ሄዶ ያንን ነጠላ አፉ ውስጥ ሊወትፍለት ዳዳው።

አያ ሙላቴን ቀና ብሎ ሲያያቸው ግን ሌላ ነገር ገባው። ሽማግሌው ያውቃሉ። ምናልባት ከጭቃው ቅምሻ ጀምሮ ያውቃሉ። ሦስት በሬ ለድንጋይ ከገበሩ፣ አያ ሙላቴ አገር የሚስቅባቸው ሞኝ ናቸው። ወርቁ በፈንታሁን ጥፋት ድንጋይ ከሆነ ግን አያ ሙላቴ የተበደሉ ሰው ናቸው። የቀሩትም እንደዚሁ ነው። አንዳቸውም ጭቃ መላሱን ማመን አልፈለገም።

ፈንታሁን ይህን ሊላቸው አፉን ሲከፍት አለሙ ተነሣ።

«ድግሱ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ያጎረሰኝ እሱ ነው። ዘውገን ያመሰገነልኝ እሱ ነው። ቆዳውን ያኔውኑ አይቶት ከነበረ፣ ተመልሶ ሲቀመጥ ለምን ዝም አለኝ?»

ሌላው ሁሉ የተናገረው ውሸት ነው፤ የአለሙ ግን እውነት ነበር። ፈንታሁን የተከፈተ አፉን ዘጋ።

አያ ሙላቴና ከመሐላቸው ያሉ ሽማግሌዎች ብዙ ሳይቆዩ ፈረዱ። ፈንታሁን ሕግ አፍርሶ የአሥራ ሁለት ሰው ወርቅ አጥፍቷል፤ ካሳው ሁለተኛው በሬ፣ ዳለቻ ነው። ዳለቻ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይታረድና ደሙ የቀጥቃጩን ዓይን ያጥባል፤ ከዚያ ትንሽ ጠለቅ ብሎ ሲቆፈር ወርቁ ይመለሳል። ፈንታሁን ራሱ ግን ከማኅበሩ አይወጣም፤ እንራራለት አሉ አያ ሙላቴ፣ የአገራችን ልጅ ነው አሉ። ሁሉም ርኅራኄያቸውን አደነቀ።

ዳለቻን ሊነዱ ሁለት ሰዎች መጡ። የሺ በር ላይ ቆማ አየቻቸው እንጂ አላለቀሰችም። ገመዱን የፈታላቸው ራሱ ፈንታሁን ነው። ዛሬ አላፏጨም።

በርክበ ካህናት ማግስት ዳለቻ ታረደ። ፀሐይ ዘንበል ስትል አንድ መልእክተኛ በቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ ይዞ ከፈንታሁን ደጅ ደረሰ። ድርሻው ነው፤ ባለድርሻ ነዋ። ከሻኛው ነው፣ አያ ሙላቴ ራሳቸው መርጠው ነው የላኩት አለ መልእክተኛው፣ ምስጋና እየጠበቀ። የሺ ጥቅሉን ተቀብላ ፈታችው፤ ሥጋው ገና ይሞቅ ነበር። ወደ ባሏ ዘወር ብላ ይህን ከቤቴ አውጣልኝ አለችው።

ፈንታሁን በአንድ እጁ ሥጋውን፣ በአንድ እጁ ማረሻውን ይዞ ወደ ተክሌ ወረደ። ማረሻ ያለ በሬ ብረት ብቻ ነው። ደመናው ከጉና ላይ መውረድ ጀምሯል፤ ገብሱ ዘንድሮ ይዘራ ከተባለ ማሳው በእጅ መቆፈር አለበት። ይህን ማረሻ ዶማ አድርግልኝ አለው። የሥራህን ዋጋ ይኸው ብሎም ሥጋውን መሬት አስቀመጠለት። ድሃ ነው፣ ሥጋ በስንት አንዴ ነው የሚያየው፣ ደስ ይለዋል ብሎ አስቦ ነበር።

ተክሌ ሥጋውን አየው። የማን በሬ እንደሆነ አገር ሁሉ ሰምቷል። ማረሻውን ብቻ አነሣ።

«ዶማውን እሠራልዎታለሁ ጌታው፣ ዋጋውን ሲያገኙ ያመጡልኛል። ይኼን ግን ይውሰዱልኝ። እናንተ ቅሌን ትጠየፋላችሁ፤ እኔም የምጠየፈው አለኝ።»

ፈንታሁን በዕድሜው ሰው ሲጠየፈው ይህ የመጀመሪያው ነው። ከእግሩ ጀምሮ ውርደት ወጣበት፤ ግን መቆጣት አልቻለም፣ ሰውየው ትክክል ነው። ሥጋውን አነሣና ሄዶ ፈፋው ውስጥ ወረወረው። ውሾች ሲሻሙ እየሰማ ተመለሰ። ሲመለስ እንደ ሁልጊዜው ውጭ አልቆመም፤ ዳሱ ውስጥ ገብቶ ከእሳቱ አጠገብ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ተክሌ ቀና ብሎ አየውና ሥራውን ቀጠለ። የቦራና የዳለቻ ማረሻ ቀላ፣ ተመታ፣ ተጠፈጠፈ።

ዶማው ውኃ ውስጥ ተነክሮ ከወጣ በኋላ ተክሌ እንደ ልማዱ መሬት ሊያኖረው ጎንበስ ሲል ፈንታሁን እጁን ዘረጋ። ተክሌ ቆም አለ። ከዚያ ሰጠው። ብረቱ አሁንም ለብ ያለ ነበር።

«አያ ተክሌ፣ ውኃ ይኖርዎታል?»

አያ ብሎ ሲጠራው የመጀመሪያው ነው። ተክሌ የሚያላግጥበት መስሎት ፊቱን ትክ ብሎ ተመለከተው። ቀጥሎ ወደ ቤቱ ገብቶ ቅሉን ሞልቶ አመጣው። ፈንታሁን ተቀብሎ ጨልጦ ጠጣው። ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ምላሱ ላይ ተጣብቆ የከረመው የስብ ጣዕም አብሮ ወረደ። ውኃው ውኃ ውኃ ነው የሚለው።

ከላይ ከጉድጓዱ ወገን እልልታ ተሰማ። አንዱ ጭቃ ቀምሶ ይሆናል። ፈንታሁን ዞር ብሎም አላየ፤ ባዶውን ቅል እንዲሞላለት ለተክሌ መልሶ ዘረጋለት።